ፌስቡክ ላይ የወጣው ሚዛን

ክቡራትና ክቡራን፣ አባታችን ቄስ ቀለመ ወርቅ፣ የእህል ነጋዴዎች ማኅበራችን አባላት፤ ሱቃችሁን ዘግታችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ቀኑን ከገበያ ቀን ያራቀውን ሰው ደግሞ ለብቻው አመሰግነዋለሁ። ገበያ ቀን ቢሆን ኖሮ ማን ማን እንደሚቀር አውቃለሁ።

ጋቢውን ወድጄዋለሁ። የምስክር ወረቀቱም ያምራል፤ ላዩ ላይ ያለውን ሰውዬ ግን አላውቀውም። ጽጌ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቷን ከፍታ በነፃ እንዳዘጋጀችው ሰምቻለሁ። ፎቶውን ያገኘችው ከፌስቡክ ገጼ ነው። ያን ገጽም የከፈተችልኝ እሷ ናት፤ ጺሜን አጥቁራ፣ ግንባሬን አለስልሳ። እንግዲህ ደብረ ታቦር፣ ልጄ ኢየሩሳሌም ቤት ስገባ ይህን ወረቀት ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩ የልጅ ልጆቼ የማን ፎቶ ነው ማለታቸው አይቀርም።

በዚህች ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ነግጃለሁ። በየቀኑ ማታ ሁለት ሦስት መስመር በደብተር እጽፋለሁ። ዝናብ ጣለ አልጣለ፣ ማን መጣ፣ ማን ምን አለ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ የ2008ቱን ደብተር አወጣሁ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር የሆንኩበት ዓመት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ የተወዳደርንበትም ዓመት ነው።

ታስታውሳላችሁ? ከዚያ በፊት ምርጫ ማለት ምን ነበር? አንድ ሰው እጁን ያወጣል፣ ሌላው ይደግፈዋል፣ ቄስ ቀለመ ወርቅ ይባርካሉ፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። በዚያ ዓመት ግን ሦስት ሆንን፤ ወይዘሮ አዛለች፣ ፊልጶስና እኔ። የፊልጶስ የወንድም ልጅ ባሕር ዳር ይማር ነበርና ለአጎቱ ገጽ ከፈተለት። ፊልጶስ በማናውቀው መኪና ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሣ። የማን መኪና እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረንም። ሁለት ሺህ ላይክ አገኘ። እኔም ፈጥኜ ጽጌ ዘንድ ሄድኩ። ወይዘሮ አዛለች ብቻ ገጽ የላቸውም ነበር፤ ምርጫው እዚሁ ገበያ መሃል መስሏቸው።

እኛ ሰባ ሦስት ነበርን። በፊልጶስ ገጽ ላይ ግን ሁለት ሺህ መራጭ ነበር። ድምፅ ተቆጥሮ አሥራ አንድ ብቻ ሲወጣለት ምን እንዳለ ደብተሬ ላይ አለ።

«አባ፣ ሁለት ሺህ ሰው ወዶኝ ነበር እኮ፤ የት ገባ?» አለ።

«ማኅበርተኞች ናቸው?» አሉት ቄስ ቀለመ ወርቅ።

«አይደሉም፤ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ናቸው። አንዱ እንዲያውም ደቡብ አፍሪካ ነው።»

«እንግዲያው በያሉበት ይጸልዩልህ» አሉት።

ሳቁ፣ ሳቁ። ፊልጶስ፣ አንተም ሳቅ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ይፈቀዳል። እኔም ብሆን ከዚያ የተሻልኩ አልነበርኩም። ለሦስታችንም ላይክ ያደረጋችሁ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ስማችሁ እዚህ ደብተር ውስጥ አለ። አትደንግጡ፣ አላነበውም። በገበያው ሰው ፊት ማንን እንደምትመርጡ ስትጠየቁ የምትሰጡትን መልስ ነው ስልኩ ላይም የሰጣችሁት። «ሁላችሁንም እወዳችኋለሁ» ማለት ማንንም አልመረጥኩም ማለት ነው።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። ፈገግታው እዚህ ላይ ይበቃናል።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ «በድንጋይ የሚመዝኑት እጩ» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው ወጣ። ያወጣው ገጽ ባለቤቱ የማይታወቅ ነው። ወይዘሮ አዛለች ከሚዛን ኋላ ተቀምጠዋል፤ በአንዱ ሳህን ላይ ድንጋይ አለ። እዚህ የተቀመጥን ሁሉ ያ ድንጋይ ምን እንደሚሠራ እናውቃለን። የከተማችን ነፋስ ባዶ ሚዛን ሲያገኝ ያወዛውዘዋል፣ ሳህኑን ያንኳኳል። ስለዚህ ገዥም ሻጭም ከሌለ ድንጋይ እንጭንበታለን፤ ስንመዝን እናነሣዋለን። ከመካከላችን ድንጋይ የሌለው ማን አለ? ነገር ግን ፎቶው ላይ ድንጋዩ እንጂ ነፋሱ አይታይም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ስድቡን ጻፈ። ገበያችንን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች የሚዛን ሊቅ ሆኑ።

ጽጌ ስልኳን ይዛ መጣች። «ጋሼ ምንይችል፣ በእርስዎ ገጽ ላይ ላጋራው?» አለችኝ። እኔም «እኔ አላየሁትም» አልኳት። ልብ በሉ፤ አጋሪው አላልኩም፣ ተይው አላልኩም። ነጋዴ ነኝ፤ በኋላ የምጠየቅበትን ቃል ከአፌ አላወጣም። ጽጌ የገባትን አደረገች፤ አጋራችው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደብተሬ ላይ ለወይዘሮ አዛለች አርባ አንድ ድምፅ ገምቼ ነበር። ግምቴ ብዙ አይስትም። ያገኙት ሃያ አራት ነው። እኔ ሠላሳ ስምንት አገኘሁና አጨበጨባችሁልኝ። ንግግር አደረግሁ። ስለ ታማኝነት ነበር የተናገርኩት፤ ደብተሬ ላይ ሙሉውን ጽፌዋለሁ፣ ትናንት ሳነበው አፈርኩ።

እንግዲህ ሦስት ዓመት ያልተናገርኩትን ልንገራችሁ። በፎቶው ላይ ያለው ሚዛን የእኔ ነው።

የግራው ሰንሰለት በሽቦ የታሰረ ነው። እኔ ራሴ ያሰርኩት። ድንጋዩንም ያን ዕለት ጠዋት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ሥዩም መካነ ኢየሱስ ከተማ አርፎ ለቀብር ልሄድ ስነሣ ገበያ ቀን ነበር። ልማዳችንን ታውቃላችሁ፤ ለቅሶ የሄደ ሰው ቦታው ባዶ አይውልም፣ ጎረቤት ይቀመጥለታል። ወይዘሮ አዛለች የራሳቸውን እህል ሸፍነው እኔ ቦታ ላይ ዋሉ። ፎቶውን ያነሣው ማን እንደሆነ አላውቅም። የእኔን እህል ሊሸጡልኝ ተቀምጠው ሳለ ነው ሌባ የተባሉት።

ስልኩ ላይ እንዳየሁት ሚዛኔን ለየሁት። በዚያን ዕለት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይኸው፤ «ነፋስ። ፎቶ ወጣ። ሚዛኑ የኔው። ዝም።» አንድ መስመር እንኳ አልሞላም።

በማግሥቱ ከስማዳ በኩል አንድ ሽማግሌ ምስር ጭነው መጡ። የወይዘሮ አዛለች የአሥር ዓመት ደንበኛ ናቸው። ከተማ የሚማረው ልጃቸው ፎቶውን አሳይቷቸዋል። ሽማግሌው በወይዘሮ አዛለች አጠገብ አልፈው፣ ሰላምታም ሳይሰጡ፣ እኔ ዘንድ መጡ። «ልጄ፣ አንተ እንኳ በደህናው ሚዛን መዝንልኝ» አሉኝ። መዘንኩላቸው። በዚያው ሚዛን። መርቀውኝ ሄዱ። ወይዘሮ አዛለች ከሦስት እርምጃ ርቀት ያዩ ነበር።

ለምን ዛሬ አነሣሁት? የሚቀጥለው ምርጫ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ወይዘሮ አዛለችና ፊልጶስ ይወዳደራሉ። ያ ፎቶ ባለፈው ሳምንት እንደገና ወጥቷል። ፊልጶስ አወጣው አላልኩም፤ አላውቅም። እኔ ራሴ ሌላ ሰው ባወጣው ፎቶ ያተረፍኩ ሰው ነኝና በሌላው ላይ ጣቴን አልቀስርም። ማንን ምረጡ አልላችሁም። ለመምረጥ ስትቀመጡ ግን የማታውቁትን ነገር እንደምታውቁት ሆናችሁ አትቀመጡ።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ አዛለች ቤት ሄጄ ይህንኑ ነገርኳቸው። ባቄላ እያበጠሩ ነበር፤ እጃቸውን አላቆሙም።

«ሚዛኑ የአንተ መሆኑን የማላውቅ መስሎህ ነው? ላዩ ላይ የዋልሁት እኔ አይደለሁም?» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ወንድምህን ከቀበርክ ገና አሥር ቀንህ ነበር። በሐዘን ላይ ያለን ሰው ሌባው እሱ ነው ብዬ ገበያ መሃል ልቁም? አርባው ይውጣልህ ብዬ ዝም አልሁ። አርባው ሲወጣ አንተ ሊቀ መንበር ሆነሃል።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«እሱን ኋላ እናየዋለን» አሉ። «ደግሞ ለእኔ ለብቻዬ ምን ይነገረኛል? ስትለጥፉት ለሰው ሁሉ አልነበር?»

እንግዲህ ለዚህ ነው። ጽጌ፣ ስልክሽን እንደያዝሽ አያለሁ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትቀጂኝ ነበር። የዛሬውን አይቻለሁ። በደንብ አይቻለሁ። በእኔ ስም፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ ሳትቆርጪ አውጪው። ጺሜንም እንዳለ ተይው። ያን ጊዜ የተሳደቡት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ያዩታል ብዬ አልጠብቅም፤ እርማት እንደ ስድብ አይሮጥም። የስማዳው ሽማግሌ ልጅ ግን ያየው ይሆናል። እሱ ካላየውም እኔ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ድረስ እሄዳለሁ፤ ሥራ ፈት ሆኛለሁና ጊዜ አለኝ።

ወይዘሮ አዛለች፣ እዚህ ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላስጨንቅዎትም። ይህ ሁሉ ሰው እያየ እምቢ ማለት አይመችም። የሚሉኝን ቤትዎ መጥቼ እሰማለሁ፤ እምቢ ካሉኝም እምቢታው የእርስዎ ነው።

እናንተን ግን በደስታ እለያችኋለሁ። ክረምቱ በልኩ ይግባላችሁ፤ ገብሱም ስንዴውም ያሽት፣ ጎተራችሁን ነቀዝ አይወቀው። ቄስ ቀለመ ወርቅ፣ ዕድሜ ይስጥልን፤ የምታስታርቁት ሰው ገና ብዙ ነው። ለቅሶ ስትሄዱ ቦታችሁ ላይ የሚቀመጥላችሁ ጎረቤት አይጥፋባችሁ። እሱ ሲሰደብ ስትሰሙም እግዚአብሔር በዚያችው ሰዓት አፋችሁን ይክፈትላችሁ፤ እንደ እኔ ሦስት ዓመት አያቆያችሁ።