ሳሩና ወተቱ

ጅጅጋ ውስጥ በባጃጅ ስሄድ ከቀለም መሸጫው ደጅ ባልና ሚስት ተሳፈሩ። ሚስትየዋ አጠገቤ ተቀምጣ ክሬምና አረንጓዴ ቀለም የተሞከረበት ካርቶን ጭኗ ላይ አደረገች። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«እናቴ የምትወደው ወተት ነው። ክሬሙ ይሁን» አለ ባል።

«አብዲ፣ ባለፈው ክፍሏን ነጭ ቀብተን ምን አለች?»

«ሆስፒታል አስተኛችሁኝ አለች።»

«በማግስቱ ተነስታ አገሯ ኤረር ገባች። አሁንም ክሬም ትለኛለህ?»

«አረንጓዴውን ፍየል ካየችው ትልሰዋለች።»

«ትላሰዋ። ዝናብ ሲጥል የሚወጣውን ሳር ነው የሚመስለው፣ እናንተ ዶግ የምትሉትን።»

«ዶግ ማለትን ማን አስተማረሽ?»

«እናትህ ናት። ደውልና ጠይቃት። ዘንድሮ እንኳ እኛ ጋ ትክረም።»

ደወለ። በሶማልኛ ሁለቱንም ቀለም ነገራት፤ ከዚያ መልሷን ሰማና ሳቀ።

«ምን አለች?»

«ሳሩን እናንተ ቀቡ፣ ወተቱን እኔ ከነፍየሏ ይዤ እመጣለሁ አለች።»

«ባለፈው ፍየሏን ጎረቤት ትታ አይደል የመጣችው?»

«ትታ ነው።»

«እንግዲያው ልትቆይ ነው።»

«ፍየሏስ የት ልታድር ነው?»

«እናትህ ክፍል። ሳር አለላት።»

ባልየው እንደገና ሳቀ። እሷም ስትስቅ ካርቶኑ ተንሸራተተ።

«ውይ፣ ይቅርታ ወንድም፣ እጅጌህን አበላሸሁት።»

ምንም አይደል አልኳት፤ ከወረድኩ በኋላም አረንጓዴውን አልጠረግሁትም።