አራት ጊዜ የተለካችው ልጅ

(በአንድ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ዕርዳታ ድርጅት የወረዳ ቅርንጫፍ፣ ረፋዱ ላይ፤ ከመጋዘኑ ደጅ የአልሚ ምግብ ካርቶን መኪና ላይ እየተጫነ ነው፤ ተለማማጇ ምንታምር ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣለች፣ የዋርካ ሜዳ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናኑ በሩ ላይ ቆማለች።)

እናኑ፦ እኔ አላልኩም፤ ሰው ነው ያለው። «ያቺ ተለማማጅ ከመኪናው ሳትወርድ ነው የልጆቻችንን ክንድ የለካችው» ይላል።

ምንታምር፦ ከመኪና ሆኖ ክንድ የሚለካ እጅ ቢኖረኝ እዚህ ምን ያደርገኛል? ሰማይ ቤት ሄጄ መላእክትን አልለካም?

እናኑ፦ ሰው ነው ያለው።

ምንታምር፦ ይኼ ሰው ስም የለውም?

እናኑ፦ ወፍጮ ቤት ብትሄጂ እሱ፣ ምንጭ ብትወርጂ እሱ ነው። «ከመኪናው ሳትወርድ።»

ምንታምር፦ ሃምሳ ስምንት ቤት በእግሬ ነው የዞርኩት። የጫማዬ ሶል እስካሁን እናንተ ዳገት ላይ ነው። ውሻ ስፈራ አንቺ አይደለሽ እንዴ «ቀድሜ ልግባና ልንገራቸው» እያልሽ በየቤቱ ፊት ፊቴ ስትገቢ የዋልሽው?

እናኑ፦ እኔማ አውቃለሁ።

ምንታምር፦ ታዲያ ለወፍጮ ቤቱ አትነግሪውም?

እናኑ፦ ምን ብዬ? «በእግሯ ከዞረች ልጆቻችን እንዴት ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ደህና ሆኑ?» ቢሉኝ ምን ልመልስ? መለኪያው ቀይ ላይ የሚያርፍ የከሳ ክንድ በየጓዳው ሞልቷል። ወረቀትሽ ላይ ግን አንድ ቀይ የለም። በዚያ ወረቀት ነው ይኼው ምግቡ ከኛ ተነስቶ ለሌላ ቀበሌ የሚጫነው።

ምንታምር፦ ክንድ አቀረባችሁልኝ፣ ክንድ ለካሁ። ቁጥሩን ለአማካሪው ለዶክተር አምኃ ሰጠሁ፤ እሳቸው ጻፉት፤ አለቆቹ ወሰኑ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ምን ይባላል?

እናኑ፦ ምንም አይባልም።

ምንታምር፦ ደግሞ ለአቤቱታ ሲመጣ እንደ ሰው ተለብሶ ነው። የመንግሥት ገዋን በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ወረዳ ይመጣል? ቁልፉ የት ገባ?

እናኑ፦ ወለቀ።

ምንታምር፦ ክርና መርፌ ዋርካ ሜዳ አልደረሰም?

እናኑ፦ ሳቂ እሺ። ስትጨርሺ ግን ሁለት መስመር ጻፊልኝ። «ልኬቱ ስህተት አለበት፣ እንደገና ይታይ» በይ። ሌላ አልፈልግም። መኪናው ከወጣ ደግሞ ማን ይመልሰዋል?

ምንታምር፦ ሰኞ ምን እንደምፈርም ታውቂያለሽ? ረዳት አማካሪ። እንግሊዝኛን ከሬዲዮ ለቅሜ፣ ኮምፒውተሩን ሰው ምሳ ሲወጣ ብቻዬን ተለማምጄ። ስድስት ወር ሙሉ ባለዲግሪዎቹ «አንቺ ልጅ» እያሉ ፎቶ ኮፒ ሲልኩኝ ከረሙ። ሰኞ ስሜ በሩ ላይ ይለጠፋል። አንቺ ደግሞ መጥተሽ «ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፊ» ትይኛለሽ።

እናኑ፦ እንግዲያው ሰው የሚለው እውነት ነዋ። ከመኪናው ሳትወርጂ…

ምንታምር፦ ውሸት ነው አልኩሽ። እንዲያውም እነሱ ከሚሉት የባሰ ነው።

እናኑ፦ ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ምንታምር፦ …በሩን ዝጊው።

እናኑ፦ ዘጋሁት።

ምንታምር፦ ሦስተኛው ቤት ላይ አንዲት ሞላ ያለች ልጅ አቀረቡልኝ። ማተቧ ላይ ሰማያዊ ቁልፍ ታስሯል፣ የልብስ ቁልፍ፣ ባለ አራት ቀዳዳ። ለካኋት፤ አረንጓዴ። አሥራ አንደኛው ቤት ገባን፤ ሌላ እናት፣ ሌላ ስም። ማተቡ ላይ ግን ያው ቁልፍ። ዓይኔ ነው አልኩ። ሃያኛው ላይ ደግማ መጣች። ለአራተኛ ጊዜ ስትቀርብልኝ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? መለኪያውን ከቦርሳዬ ሳላወጣ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ለመደችው።

እናኑ፦ ከዚያስ?

ምንታምር፦ ከዚያ ወዲያ የልጅ ፊት ማየት ተውኩ። ክንድ ብቻ አየሁ። ሌሎቹም ስንቶቹ የተዋሱ እንደነበሩ አላውቅም፤ ላለማወቅ ስል ነዋ ያላየሁት።

እናኑ፦ ለዶክተሩ አልነገርሻቸውም?

ምንታምር፦ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጠይቀውኛል። ፊታቸውን ወደኔ አዙረው «ግር ያለሽ ነገር አለ?» አሉኝ። «የለም» አልኩ። «አለ» ብል ልኬቱ እንደገና ይጀመራል፤ የሚደግመው ሰው ደግሞ እኔ አልሆንም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸታቸውን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ደረቴ ውስጥ ሲነቅዝ እሰማዋለሁ።

እናኑ፦ እናቶቹንም አትፍረጂባቸው። የከሳ ልጅ ለእንግዳ አይወጣም፤ ዓይን ይበላዋል፤ ገመናም ነው። ደግሞ ያን ሰሞን ወሬ ነበር። ደህና ደህና ልጅ ያሳየ ቀበሌ ለጤና ኬላው ቆርቆሮ ይሸለማል የሚል።

ምንታምር፦ ቆርቆሮ? ማን ነው እንዲህ ያለው?

እናኑ፦ ሰው።

ምንታምር፦ ያ ሰው ደግሞ እዚህም አለ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። ሸላሚም ተሸላሚም የለም፤ ጓዳ የተደበቁት ልጆች ግን ምግባቸው መኪና ላይ ነው።

እናኑ፦ ስንት ካርቶን ቀራቸው?

ምንታምር፦ በመስኮቱ ይታያል፤ ጥቂት ነው። ስልኬን አምጪልኝ፣ ከመደርደሪያው ላይ። ልቤ እስኪቆርጥ ብጠብቅ ልቤ ሰኞን ነው የሚያየው።

እናኑ፦ እንኪ።

ምንታምር፦ ስሚ፣ እያነበብኩ ልጻፍ። «ዶክተር፣ የዋርካ ሜዳ ልኬት ልክ አይደለም። አንዲትን ልጅ በአራት ቤት፣ በአራት ስም ለክቻለሁ። አይቼ ዝም ብያለሁ።» የማን ልጅ ናት ቢሉኝስ?

እናኑ፦ …የመንደሩ ልጅ ናት በያቸው።

ምንታምር፦ አብራሽ የነበረችው የጤና ሠራተኛ ታውቅ ነበር ወይ ቢሉ?

እናኑ፦ እኔ በር ለበር ስል የዋልኩ፣ ምን አያለሁ?

ምንታምር፦ ግድ የለም፤ አንቺን አልነካካም። ልጅ አለሽ፣ ሥራሽን ይዘሽ ቆዪ። «ከእኔ በቀር ያወቀ የለም» ብዬ ዘጋሁት።

እናኑ፦ ምንትዬ፣ ቆይ አንዴ።

ምንታምር፦ አሁን ከቆየሁ አልልከውም፤ ራሴን አውቃታለሁ።

እናኑ፦ አንዴ ብቻ ስሚኝ…

ምንታምር፦ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኧረ አነበቡት… እየጻፉ ነው።

እናኑ፦ ምን አሉ?

ምንታምር፦ መጋዘኑን አስቁሙት ብለው ደውለዋል። ቅዳሜ ሌላ ቡድን መጥቶ እንደገና ይለካል፤ ውሳኔውም እስከዚያ ታግዷል። ይኼው ጫኙ እጁን አራገፈ፣ እዪው።

እናኑ፦ ተመስገን። ተመስገን ጌታዬ። ስላንቺስ?

ምንታምር፦ «ከአንቺ በቀር ያወቀ ከሌለ፣ ከአንቺ በቀር የሚጠየቅም የለም። ሰኞ አትምጪ።»

እናኑ፦ አትምጪ አሉሽ?

ምንታምር፦ ምነው ፊትሽ? ያልሽውን አገኘሽ አይደል? ቅዳሜ ጓዳ ያሉትን አውጪልኝ ብቻ። ያቺንም ባለቁልፏን ቤቷ አስቀምጧት፤ እጇ ይረፍ።

እናኑ፦ ቆይ ያልኩሽ ለዚህ ነበር፣ ምንትዬ። ቅድም የሳቅሽበትን መርፌ ቁልፍ እስቲ ደግመሽ እይው፤ ከዚህ ገዋን የወለቀው ቁልፍ ነው ልጄ ማተብ ላይ ያለው።