የሠሪው ስም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ በእኔና በአንድ ወጣት መካከል ሸክላ ሠሪ እናት ተቀመጡ። ድስቶቻቸውን በገለባ ጠቅልለው እግራቸው ሥር አደረጉ። እኔ ድስቶቹን ሳይ ቦርሳዬን በመካከላችን አኖርኩ። የእሳቸው ዓይን ግን በወጣቱ ክንድ ላይ ያለው ጥቁር ሰዓት ላይ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ሰዓት ብረት ነው?»

«ሴራሚክ ነው እማማ። በእሳት የተተኮሰ ሸክላ ይበሉት። ወንድሜ ለሠርጌ የሰጠኝ ነው።»

«ኧረ! ሸክላ እጅ ላይ ይታሰራል?»

«ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ አስረውት ይገባሉ። ብረት ቢነካው እንኳ አይጫርም።»

«ይሄ ዙሪያው ያለው ቀለበትስ?»

«ከጠለቁ ስንት ደቂቃ እንደሆናቸው ያዩበታል። ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚዞረው፤ ሳያውቁ ቢነኩት ገና አየር አለኝ ብለው እንዳይታለሉ።»

«እሰይ! ሠሪው ለሰው ያስባል። ጥቁሩስ አይለቅም? እኛ ከእሳት ሲወጣ በቅጠል አጭሰን ነው የምናጠቁረው።»

«አይለቅም። እስከ ውስጡ ጥቁር ነው።»

«ውድ ሳይሆን አይቀርም።»

«በጣም እንጂ! ሰው የሚሻማው ደግሞ በስሙ ምክንያት ነው። ይኸው፣ የሠሪው ስም መሃሉ ላይ ተጽፏል።»

እማማ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

«ስሙን አይተው ይገዙታል?»

«አዎ።»

«እኛ ዘንድ ድስቱን ይወዱትና ማን ሠራው ይላሉ። እኔ ነኝ ስላቸው ፈቀቅ ይላሉ።»

ቦርሳዬን ከመካከላችን አንስቼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት።