አያ ሞላ የፈተኑት ማሽን

ከአፈር ስር ያለውን ድንጋይ ሳይቆፍር በማግኔትነቱ የሚለይ አዲስ መሣሪያ ሊሞክሩ ባለሙያዎች ስማዳ መጡ። በስልኬ ስለ መሣሪያው ብዙ አንብቤ ስለነበር ለሥራው ቀጠሩኝ። መሐንዲሱ፣ "ማሽኑ እውነት መናገሩን የምናውቀው ቆፍረን ስናይ ነው" ሲል ሙከራው የሚደረግበት የገብስ ማሳ ባለቤት አያ ሞላ ደነገጡ።

"ገብሴን ልትቆፍሩት? ኧረ ተዉ! ከስሩ ድንጋይ ያለበትን እኔ አሳያችኋለሁ። ሳርስ እርፉ መዳፌን ይመታኛል" ብለው ማሳው ውስጥ ሦስት ቦታ ዱላ ተከሉ።

መሣሪያውን ይዤ ገባሁ። መሣሪያው ላይ የሚታየው ቁጥር ረግቶ ቆየና ልክ ዱላው ጋ ስደርስ ዘለለ። በሦስቱም ላይ! ለካ ከሦስቱ ዱላዎች ስር ቀጥ ብሎ የሚሄድ የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ኖሯል።

"አያ፣ እንዴት አወቁት?" አለ መሐንዲሱ።

"አርባ ዓመት አርሼው! በሉ፣ ማሽናችሁ አይዋሽም፤ አሁን ከገብሴ ውጡልኝ።"