ቃሪያዬን ከውሃ የጠበቀልኝ ልጅ

ግባ አያ ይርሳው። እዚያ ጋ ተቀመጥ፣ ነፋስ ይደርስሃል። ከገዴራ መንገዱ እንዴት ነበር? አውቶቡሱ ዛሬም ዘገየ? እዚህ ቂርያት ማላኺ እንደምታየው ነው፤ የእስራኤል ሙቀት ገና በጧቱ ይጀምራል። ባለቤትህ ውቢት ደህና ናት? ጉልበቷን ተሻላት? … ተመስገን።

የመጣህበትን አውቃለሁ። ልጄን ሮቴምን ለእህትህ ልጅ ልትጠይቅ ነው። ደግ ነው፣ ወግ ነው፤ እንደርስበታለን። እኔ መቼም ወሬ አልወድም። ዛሬ ግን እንግዳ ነህና ስለ አንድ ሌላ ልጅ ላጫውትህ። ስሙን ተወው። እሱም ገዴራ ይኖራል፤ እሱም ያቭነ ከተማ በኮምፒውተር ሥራ ነው የሚውለው። ገዴራ መቼም ልጅ አይጠፋባትም … አይደል?

ሞሻቩ ውስጥ፣ ገበሬው መንደር፣ የተከራየኋትን ሐማማ ታውቃታለህ፤ የላስቲክ ቤቷን። ቃሪያዬን የሚያጠጣው ኮምፒውተር ነው። ከእሱ ሽቦ ይወጣና አንዲት ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኗ ውሃውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እኔ ገበሬ ከዚህ ጣጣ ምን አገባኝ? ለቅዳሜ ሰንበት ብዬ ነው። ዓርብ ይታዘዛል፤ ሰንበት እኔ እጄን ሳላነሣ ራሱ ያጠጣል።

ይህ ልጅ አንድ ዓርብ ከሰዓት ሊጠይቀን መጣ። አክብሮቱን ብታየው … ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ኮምፒውተሩን ሲያይ ግን ደነገጠ። «አባባ፣ ይኼ እኮ ደጁ ክፍት ነው፤ ቫይረስ ይገባበታል» አለ። ኮምፒውተሩ አንድ ጠባቂ ፕሮግራም ነበረው። እሱ ሌላ ጨመረበት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? የተማረ ሆኖ ተረት የሚያከብር ልጅ ነው። ባላዎቹ እርስ በርስ ሲታገሉ እኛ መንጠልጠያ አጣን እንጂ … እሱ የተረቱ ጥፋት ነው።

አዲሱ ጠባቂ ገና ሲነቃ ልጁን ጠየቀው፤ ይህችን ሣጥን ታውቃታለህ? ላስገባት ወይስ ልከልክላት? እኔ አጠገቡ ቆሜአለሁ። ግን ልጃገረድ አይቶ የመጣ ጨዋ አባቷን በጥያቄ ያደክማል? አያደክምም። ከልክላት አለው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉት ለሌላው ነው፤ እሱ ሳይጠይቅም ደጃዝማች ነው። «ቤሰደር፣ ሁሉ ደህና ነው፣ አለቀ» ብሎ ሰንበት ሳይገባበት ወደ ገዴራ ከነፈ። ሰንበት ማክበሩስ አይመሰገንም?

በማግሥቱ ሐማማዋ እሳት ሆነች። ቃሪያው አንገቱን ደፋ። ሣጥኗ ውሃውን አልከፈተችም። መክፈቻው እጄ ሥር ነው፤ ሰንበት ነው፣ አልነካውም። ቆሜ አየሁት። ሮቴም ወንበር አመጣችልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

እሑድ ተጠርቶ መጣ። አልቀረም፣ ይመስገን። ያን ቀን የደከመውን ሐኪም ለበሽተኛ አይደክምም። ሽቦውን ቀየረ። ማውሱን ነቀለ፣ መልሶ ሰካ። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ አቧራውን እፍ አለው። «ሣጥኗ አርጅታለች፣ ትጣል» አለ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ትላለች፤ ሳያነብ ይዘጋታል። ደግማ ብቅ ትላለች፤ ይዘጋታል። ሥራ የበዛበት ሰው ደጅ የሚያንኳኳውን ሁሉ ያነጋግራል እንዴ?

መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረ። በትሕትና ነው፣ እንዳትቀየመው። «አባባ … ምናልባት በሰንበት የሆነ ነገር ነክተው ይሆን?» አለኝ።

…

እኔን ነው። ወደዚህ አገር ስንመጣ በሱዳን በረሃ ጥም ሲገድለን እንኳ ሰንበትን ያልሻርኩትን። ግን ልጁ ምን ያድርግ? ፕሮግራሙም የማያውቀውን ሁሉ ሌባ ነው ይላል። አብሮ የዋለ ጠባዩን ይወስዳል፤ በዚህ ሰው ይፈረድበታል?

ጽሑፏን ሮቴም አነበበቻት። «ሣጥኗን የከለከልኳት እኔ ነኝ፤ ልፍቀድላት?» ነበር የምትለው። ሮቴም አዎ አለቻት፤ ከሁለቱ ጠባቂዎች አንዱን አጠፋችው፤ ውሃው መጣ። ለልጁ ምንም አላለችውም። ሸኘችው፣ በሩን ዘጋችው። ዝምታዋን ከእኔ ነው የወረሰችው። ቃሪያው ግን እኩሌታው አንገቱን እንደደፋ ቀረ።

እና … የእህትህ ልጅ እንዴት ነው? ጉብዝናውን እሰማለሁ። ሮቴምም ሰምታለች። ለእሱ መልእክት ብትለኝ ምርቃት ነው ያለኝ፣ አደራ አድርስልኝ። እሱ የሰውን ቤት እንደሚጠብቅ እግዚአብሔር የእሱን ቤት ይጠብቅለት። ሌባ አይግባበት። በሽታ አይግባበት። የማያውቃት እግር ደጁን አትርገጥበት፤ የሙሽራም ብትሆን። እንዲሁ ማንም ሳይነካው፣ እንደተጠበቀ፣ በሰላም ጠጉሩ ይሸብት።

አሜን በል እንጂ አያ ይርሳው።