ሳይሞቅ የለካሁት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የጥገና ክፍል ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን አቁማችሁ፣ ወንበሩን ደርድራችሁ በጡረታ ልትሸኙኝ ስለጠራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዓይኔ አላርፍ ብሎ ወደዚያ ጥግ ሲሮጥ ካያችሁ ንግግሬ ጠፍቶብኝ አይደለም። የማየው ድምፄን የሚያጎላውን አምፕሊፋየር ነው።

ታውቁት የለም? ሲሞቅ ድምፅ የሚያንቀው ያ አሮጌ! ባለፈው ሳምንት «ተጠግኗል» ብዬ ፈረምኩበት። የመጨረሻ ሥራዬ ስለሆነም «በእሱ ካልተናገርኩ አልሸኝም» ብዬ ድርቅ አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ አንዲት ጉራ ልከልከል?

ፈርሜ ስነሳ ግን አጠገቤ የምትሠራው፣ ሁሉን ነገር ደግማ ስለምትለካ «ድጋሚ» የምንላት ባልደረባችን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ የትራንዚስተሩን ቮልት ለኩት?»

«ለካሁ። ከሚገባው ሃያ አራት ቮልት ግማሹ፣ አሥራ ሁለት። ልክ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ነው።»

«ሞቆ ነው የለኩት? ሲሞቅ ቮልቱ ከወረደ ድምፁ ይቆራረጣል።»

«እኔ ቴስተር ስይዝ አንቺ መች ተወለድሽና!»

ሁላችሁም ሳቃችሁ። እሷ አንገቷን ደፍታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሞቆ አልለካሁትም። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ታከተኝና ገና እንደበራ ለክቼ ከደንኩት። ከዚያ ወዲያስ ለማን ልንገር? እንዴት ብዬ?

አሁን ከበራ ስንት ደቂቃ ሆነው? ክቡር ሥራ አስኪያጅ እኔን ሲያሞግሱ ብቻ ሃያ አምስት ፈጅተዋል። እግዜር ይስጥልኝ፤ አምፕሊፋየሩ በእኔ ምስጋና ሞቀ።

ሰማችሁ? ቃሌን መሃል ላይ በላው። ይኸው፣ ደገመው! ተዉት፣ አትነሱ፤ እኔው አጠፋዋለሁ።

እህ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? አሁን በገዛ ጉሮሮዬ ነው።

ድጋሚ፣ እህቴ፤ ያሳፈርኩሽ በሰው ፊት ነው፣ ይቅርታ የምጠይቅሽም በሰው ፊት ነው። ልክ ነበርሽ። አውቄው ነበር፣ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።

እናንተም እጃችሁ አይዛል፣ ዓይናችሁ አይድከም፤ ከዚህ ክፍል ጠያቂ ሰው አይጥፋ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ፤ እኔ ካየሁት የተሻለ ዘመን ይግጠማችሁ።

ጨርሻለሁ፤ ጭብጨባው ይቆይ። ድጋሚ፣ ቴስተርሽን ይዘሽ ነይ። ሳይቀዘቅዝ መልሼ ላብራውና አንቺ ለኪው። እኔ አጠገብሽ ቆሜ እጠብቃለሁ።