የእህል በረንዳው ጓጉንቸር

የምስክር ስም፦ ዘከሪያ እንድሪስ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የእህል ጅምላ ነጋዴ
አድራሻ፦ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ እህል በረንዳ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ አርብ፣ መጋቢት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ሀፍሷ የጎረቤታችንን የአቶ ሙህዲንን መጋዘን ጓጉንቸር ሰብረሻል ተብላ ስለተያዘች፣ ማንም ሳይጠራኝ መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ሀፍሷ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ከነቀዝ መድኃኒት የሚወጣውን መርዛማ ትነት የሚለይ መሣሪያ ሠርታ በእኔ ሱቅ መደርደሪያ ላይ እየሞከረችው ነው። ውስጡ ከፀጉር የቀጠነች፣ ሁልጊዜ የምትንቀጠቀጥ ስንጥር አለች፤ ትነት ሲያርፍባት ንዝረቷ ይለወጥና መሣሪያው ይጮኻል። ገና ስላልተስተካከለ በእኔ ሽቶም ይጮኻል። አርብ አርብ ለጁምዓ ተቀብቼ ባለፍኩ ቁጥር ስለሚያጋልጠኝ «ሰላይ አስቀመጥሽብኝ» እላት ነበር። በኋላ ግን ሥራዋ እንዳይበላሽባት ብዬ ሽቶዬን መስጊድ በር ላይ መቀባት ጀመርኩ።

ዛሬ ሱቁን ለእሷ ትቼ ከሶላት ስመለስ መሣሪያው ሲጮኽ፣ እሷም ከአቶ ሙህዲን መጋዘን ጋር በሚያዋስነን ቆርቆሮ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ አገኘኋት። «ሽቶዬ ነው፣ ልውጣልሽ» ስላት፣ «ሽቶህንማ አውቀዋለሁ! አንተ ሳትመጣ ነው የጮኸው። እዚያ ውስጥ ሰው እያሳለ ነው» አለችኝ። አቶ ሙህዲን ማንም የለም ብለው መድኃኒቱን አስቀምጠው፣ ቆልፈው ለጁምዓ ሄደዋል። የመጋዘናቸው ተሸካሚ ጓንጉል ከጆንያ ጀርባ መተኛቱን አላወቁም። ስልካቸው ዝግ ነበር።

ደጅ የነበረ ፌሮ አንስቼ ጓጉንቸሩን ሰበርኩ። ሀፍሷ እንዳልገባ ስትጎትተኝ የሸሚዜ ኪስ ተቀዷል፤ ለመርማሪው አሳይቻለሁ። ትንፋሼን ይዤ ገብቼ ጓንጉልን ጎትቼ አወጣሁትና ወደ ሕክምና ወሰድኩት። አሁን መናገር ጀምሯል፣ አልሐምዱሊላህ።

እኔ እዚያ እያለሁ አቶ ሙህዲን ተመልሰው ሌባ ገባብኝ ብለው ፖሊስ ሲጠሩ፣ ሀፍሷ «የሰበርኩት እኔ ነኝ» ማለቷን ሰማሁ። ሐሰት ነው። የድልህ ጠርሙስ እንኳ የምከፍትላት እኔ ነኝ። እኔ እንዳልታሰር ብላ ነው። እንደምወዳትም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ አንድም ሳይጨመር ሳይቀነስ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዘከሪያ እንድሪስ
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ደመቀ

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ ለመፈረም ወደ ጠረጴዛው ሲጠጉ በኤግዚቢትነት የተያዘው መሣሪያ ጮኋል። በቀጣዩ ክፍል ያሉት ተጠርጣሪ ድምፁን እንደሰሙ «ዘከሪያ! ለምን መጣህ?» ብለው ተጣርተዋል።